የሚዞረው ዓይን

የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ደምመላሽ የኔታ ሠርፀን ሊያማክር መጣ።

«የኔታ፣ ለቤተ ክርስቲያናችን የጥበቃ ካሜራ ልንገዛ ነው። አንደኛው እንደተተከለ አንድ ቦታ ብቻ ያያል። ሌላው በስልክ ሲያዙት ይዞራል፣ የሩቁንም ያቀርባል። የቱ ይሻላል ይላሉ?»

የኔታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እንዲህ አሉት፦

አንድ ነጋዴ ነበረ። ትልቅ የእህል መጋዘን ነበረው፤ መጋዘኑን የሚይዝለት ታናሽ ወንድሙ ነው። ወንድምየው ከእስር ቤት ለወጣ አንድ ሰው አዘነና በተሸካሚነት ቀጠረው። ነጋዴው ግን «የሌባ አመል አይለቅም» አለ። የሚዞረውን ካሜራ ገዝቶ ግቢው መሀል ምሰሶ ላይ አሰቀለ።

ካሜራው በሩንም መጋዘኑንም ሊያሳየው ይችል ነበር። እሱ ግን ሱቁ ተቀምጦ ተሸካሚውን ብቻ ያያል። ሰውየው ወደሄደበት ያዞረዋል። ምሳውን ሲበላ እንኳ የሰውየውን እጅ በካሜራው አቅርቦ ያያል። ምንም አላገኘበትም፤ ባጣበት ቁጥር ግን ጥርጣሬው ባሰ።

አንድ ቀን ተሸካሚው ከመኪና ላይ ጆንያ ሲያወርድ ድንገት ቀና አለ። ሸክሙን ጥሎ ሮጠ። ምስሉ በጣም ቀርቦ ስለነበር ነጋዴው ጀርባውን እንጂ የሚሮጥበትን አላየም። ወዲያው ለዘበኞቹ ደወለ።

«ሰርቆ ሊያመልጥ ነው፤ ያዙት!»

መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ያዙትና መሬት ላይ ጣሉት። «ልቀቁኝ፣ ሰው ተቀብሯል! ሲጮህ ሰምቼ ነው!» ቢል ማን ይመነው? ኪሱን እየበረበሩ ቆዩ። በኋላ አንዱ ዘበኛ ወደ ውስጥ አንገቱን ሲያሰግግ የበቆሎው ክምር ተንዷል፤ ከጆንያዎቹ ሥር የወንድምየው እጅ ይታያል።

ነጋዴው እየሮጠ ሲደርስ ጆንያ ከሚያነሱት ሁሉ ፊት ያገኘው ያንን ተሸካሚ ነው። ወንድሙ በሕይወት ወጣ፤ እግሩ ግን ጆንያው ሥር ብዙ ስለቆየ ሊድን አልቻለም።

ክምሩ ከጠዋት ጀምሮ ዘሞ ነበር፤ በሩም ክፍት ስለነበር ላየው ሰው ይታይ ነበር። ማንም አላየውም። ነጋዴው የካሜራውን ምስል መልሶ ሲያይ ከተሸካሚው ጀርባ በቀር ምንም አጣ።

«ይቅር በለኝ» አለው።

«ይቅር ብያለሁ» አለ ተሸካሚው፤ «እዚህ ግን ከእንግዲህ አልሠራም።»

የኔታ ቀና ብለው ሊቀ መንበሩን አዩት።

«እንግዲህ ልጄ፣ የማይዞረው ዓይን የሚያየው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ለይቶ የሚጠላው ሰው የለውም። በሩና ዕቃ ቤቱ ቦታቸውን ስለማይለቁ ለእነሱ እሱን ስቀልላቸው። የሚዞረው ለሰፊው ግቢ ይጠቅማል፤ ክፉም አይደለም፤ ግን የሚያዞረውን ሰው ልብ ተከትሎ ይዞራል። እሱን ከመግዛትህ በፊት ዛሬ በልብህ በጥርጣሬ የያዝከው ሰው ማን እንደሆነ ለራስህ ንገረው።»