ከመጨረሻው ባንዲራ በኋላ

የዓመቱን ግማሽ በበረዶ በሚሸፈን አንድ ተራራማ አገር ውስጥ ቺዮ የምትባል የበረዶ ሸርታቴ ተወዳዳሪ ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በመንገዱ ላይ በተተከሉት ባንዲራዎች መካከል እየተጠማዘዘች ቁልቁል ወርዳ ከሁሉም ቀድማ የማብቂያውን መስመር ማለፍ። ግን ሁልጊዜ ሁለተኛ ትወጣ ነበር፤ የምትቀደመውም በጥቂት ነው። የመንደሯ ሰዎች በፍቅርም በሹፈትም "ሁለተኛዋ" ይሏት ጀመር። በዚህ መሃል ጉልበቷ ታመመ። ሐኪሙ "ከዘንድሮ ወዲያ አይሆንም" አላት። የቀራት አንድ ውድድር ብቻ ነበር።

ሲጨንቃት ከተራራው ግርጌ ወዳለው ገዳም ሄደች። እዚያ የሚኖሩት፣ ዜን የሚባለውን የቡድሃ እምነት የጽሞና ትምህርት የሚያስተምሩ አረጋዊ መምህር ሻይ ቀድተው ሰጧት።

"መምህር፣ እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነኝ" አለቻቸው።

"እዚህስ አንደኛ ነሽ፤ ያለን ስኒ አንድ ብቻ ነው" ብለው ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። "እባክዎ፣ ማሸነፍ ያስተምሩኝ።"

"እኔ በረዶ ላይ መቆም እንኳ አልችልም፣ ልጄ። ግን እናንተ ከውድድር በፊት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መንገዱን በሐሳብ ትወርዱታላችሁ ሲባል ሰምቻለሁ። እስቲ አሳዪኝ።"

ቺዮ ዓይኗን ጨፈነች። እጆቿ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዙ ጀመር። "እዚህ ጋ በረዶው ጠጣር ነው። እዚህ የጥድ ጥላ አለ። እዚህ መሬቱ ጎድጎድ ይላል። ይኸው የመጨረሻው ባንዲራ! ከዚያ ቀና ብዬ የውጤት ሰሌዳውን አያለሁ፤ ስሜ ከላይ ተጽፏል።"

"ቆዪ እስቲ" አሏት። "ከመጨረሻው ባንዲራ እስከ መስመሩ ያለው በረዶስ ምን ዓይነት ነው?"

ዓይኗን ገለጠች። "አላውቅም።"

"ስትወርጂበት ኖረሽ የለም እንዴ? እዚያ ስትደርሺ የት ትሄጃለሽ?"

ቺዮ ስኒውን አስቀምጣ ተነሳች።

በውድድሩ ቀን የመጨረሻውን ባንዲራ ስታልፍ አንገቷ እንደ ልማዱ ወደ ሰሌዳው ቀና ሊል ፈለገ። ከለከለችው። በረዶው እንደ ዱቄት የላመ ነበር፤ ከእግሯ ሥር ጨርቅ የሚቀደድ የሚመስል ድምፅ ያሰማል። ፀሐይ አርፎበት ወደ ቢጫ ያደላል። ሰሌዳውን ሳታይ መስመሩን አልፋ ቆመች።

ጓደኛዋ ሱዙ ሮጣ መጥታ አቀፈቻት። "ሦስተኛ ወጣሽ! አይዞሽ፣ ቢያንስ ስም ይቀይሩልሻል።"

ቺዮ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች።

"የወርቅ ሜዳሊያው ማምለጡ ነው የሚያስለቅስሽ?"

"እሱማ ለመድኩት። ያቺን ቁራጭ በረዶ ግን ዛሬ ገና አየኋት። አንዴ ብቻ ልመለስባት ብል ጉልበቴ እሺ አይለኝም።"

ማሸነፍን መመኘት ጥፋት የለውም፤ ሰው ያለ ናፍቆት አይኖርም። ነገር ግን ዓይናችንን ሩቅ ባለው ላይ ብቻ ከተከልን፣ የደረስንበትን ቦታ ሳንኖርበት እናልፈዋለን፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ እሱኑ መናፈቅ እንጀምራለን። እኛስ ዛሬ ሳናየው እያለፍነው ያለነው፣ ነገ ግን የምንናፍቀው ምን ይሆን?