የቦዩ ድንጋይ

በዚያ ቆላ አገር ንጉሡ አንበሳ ብርቱካን አይበላም ነበር፤ የሚበላው ብርቱካን የሚበሉትን ነው። ስለዚህ ለአትክልቱ ከማንም ይልቅ የሚጨነቀው እሱ ነበር። አራዊቱም ይህን እንደ ፍቅር ቆጥረውለት ኖረዋል።

የአትክልቱ ሥርዓት የቆየ ነው። በጥር ዝንጀሮዎች የቦዩን አፍ በድንጋይ ይዘጋሉ። ብርቱካኑ ይጠማል፣ ቅጠሉ መጠቅለል ይጀምራል። ያን ጊዜ ንጉሡ "ክፈቱ" ይላል፣ ውሃው ይለቀቃል፣ ዛፉም ከሞት ያመለጠ ይመስል ያብባል። ክረምቱ ፍሬውን ያሳድገዋል፣ በኅዳር ይለቀማል። ወንዙ ገደል ውስጥ ስለሆነ አራዊቱም የሚጠጡት ከዚያው ቦይ ነው፤ የጥርን ጥም ጥርሳቸውን ነክሰው ያልፉት ነበር።

አንድ ዓመት አማካሪው አያ ጅቦ አዲስ ሐሳብ አመጣ። ጥቂት ጥም ይህን ያህል ካፈራ፣ ብዙ ጥም ምን ያህል ያፈራ ይሆን አለ። ንጉሡ ሐሳቡን ወደደው። ጥር አለፈ፣ የካቲትም ተጋመሰ፤ "ክፈቱ" የሚል ድምፅ ግን አልተሰማም። ከጥም የሚወድቀውን ሁሉ የሚያነሣው አያ ጅቦ ስለነበር፣ በዚያ በጋ እሱ ብቻ ወፈረ።

ጉባኤ ሲጠራ፣ በቅርቡ የወለደች ድኩላ ተነሣች።

"ጌታዬ፣ ጡቴ ደርቋል። ግልገሌን ጤዛ እያላስኩ ነው ያቆየሁት። ለዛሬ እንኳ ይከፈትልን" አለች።

አያ ጅቦ በትሕትና መለሰላት። ዛፍ የቻለው እናትን እንዴት ያቅታታል ሲል ጠየቀ። ጉባኤውም ጥያቄው የጠለቀ መስሎት ዝም አለ። እኔን ከጅቦ ይልቅ የሚያናድደኝ ይህ ዝምታ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ዛፎቹ ሳይጠጡ አበቡ፤ ቅጠል እስከማይታይ ድረስ ነጭ ለበሱ። አያ ጅቦ ድግስ ጠራ፣ አራዊቱም በደረቀ ጉሮሮ እልል አሉ። ብርቱካን ሊሞት ሲል አብዝቶ እንደሚያብብ ሽማግሌ ዝንጀሮዎች ያውቁ ነበር፤ የሰው ደስታ ማበላሸት ነውር ነው ብለው ተዉት።

አበባው ረገፈ። ፍሬም የለ፣ ፍሬ በልቶ የሚወፍርም የለ። የተራበው ንጉሥ ምክንያቱን ሲጠይቅ አያ ጅቦ ጥሙ ስላነሰ ነው አለ። ንጉሡ አማካሪውን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ በዙሪያው ሌላ ወፍራም አልነበረም። በልቶትም ዋሻው ገብቶ ተኛ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ ጉባኤው አያ ጅቦን ሲረግም ዋለ። ከሁሉ አብልጠው የረገሙት ዝንጀሮዎቹ ናቸው፤ የቦዩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚራገሙት። ከበታቻቸው የታገደው ውሃ ይሰማል።

ድኩላ ግልገሏን በአፍንጫዋ እየገፋች መጣች። ገና ይተነፍሳል። የድኩላ ሰኮና ድንጋይ አያነሣም።

"ማን ያንሣልን?" አለች።

የዝንጀሮዎቹ አለቃ ወደ ዋሻው ተመለከተ።

"ጌታችን ይንቁና ይዘዙን" አላት።

ሁሉም ፊታቸውን ወደ ዋሻው አዙረው ጠበቁ። አንበሳ ደግሞ ከጠገበ ቶሎ አይነቃም።