የኩሬውን ጥልቀት የምትለካው ኤሊ

አንድ ጊዜ፣ ከገደል ሥር በተኛ ኩሬ ዳር፣ ጦጢት የምትባል ጦጣ ነበረች። ልጅ ሳለች ነብር ሲያባርራት ከዋርካ ላይ ዘላ ውሃው ውስጥ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ መዝለል ነፍሷ ሆነ። አድጋ ከገደሉ አናት ቁልቁል ስትወረወር ውሃው እንኳ ብዙም አይረጭም ነበር። ሰባት ዓመት በአራዊት የዝላይ ውድድር የሚያሸንፋት ጠፋ።

ከእያንዳንዱ ዝላይ በፊት ግን በኩሬው የምትኖረው አሮጊቷ ኤሊ ትጠልቃለች። ወለሉን ነክታ ብቅ ትልና «ጥልቅ ነው!» ትላለች። ጦጢት ያንን ድምፅ ሳትሰማ ዘላ አታውቅም።

በስምንተኛው ዓመት ዝናብ ቀረ። በውድድሩ ዕለት ኤሊ ስትጠልቅ ወለሉን ቶሎ አገኘችው። ደንግጣ ወጣች። የውድድሩ አዘጋጅ ቀበሮ ዳር ላይ ይጠብቃት ነበር።

«ውሃው ጎድሏል» አለችው በሹክሹክታ።

«እትዬ ኤሊ፣ አንበሳ ራሱ መጥቶ እኮ ተቀምጧል! አሁን ውድድሩ ይቅር ይባላል? ደግሞ ለአንቺ ከጎኑ ቦታ አስይዤልሻለሁ።»

ኤሊ በዕድሜዋ ሙሉ ከአንበሳ ጎን ተቀምጣ አታውቅም። «የጎደለው እኮ ትንሽ ነው» አለች ለራሷ።

«ጦጢት ብትሞት ሥጋዋ ለማን ይደርሳል?» ሲል ከተመልካቾቹ መካከል ጅብ ጠየቀ።

«ኧረ ዝም በል፣ አያ ጅቦ!» አሉት አጠገቡ የተቀመጡት።

ጦጢት ከላይ ተጣራች። «እትዬ ኤሊ፣ እንዴት ነው?»

ኤሊ አንገቷን አወጣች። «ጥልቅ ነው!»

ጦጢት ተወረወረች። የተሰማው የውሃ ድምፅ አልነበረም፤ የድንጋይ ነበር።

ነፍሷ ተረፈች፤ ሁለቱ ክንዶቿ ግን ቅርንጫፍ መጨበጥ ተሳናቸው። አንበሳም ወደ ዋሻው ሄደ፣ ቀበሮም ሌላ ዘላይ ፍለጋ ወጣ። ኤሊ ወር ሙሉ እህል አልቀመሰችም። በመጨረሻ እየተጎተተች ወደ ዋርካው ሄደች። ጦጢት መሬት ላይ ተቀምጣ ሌሎቹ ጦጣዎች ሲዘሉ ወደ ላይ ታያለች።

«ጦጢት፣ ውሃው መጉደሉን አውቅ ነበር።»

ጦጢት ዓይኗን ከቅርንጫፎቹ ወደ ኤሊ መለሰች።

«እኔም ከላይ ሆኜ ድንጋዩ ታይቶኝ ነበር» አለች። «አንቺ ግን ጥልቅ ነው ስትዪኝ፣ ዓይኔ ነው የተሳሳተው አልኩ።»

ኤሊ አንገቷን ወደ ቅርፊቷ ሳበች።

ከዚህ የምንማረው ከገዛ ዓይኑ አብልጦ ቃላችንን ከሚያምን ወዳጅ፣ ክብር ቢያጓጓን ይሉኝታም ቢይዘን፣ እውነቱን መደበቅ ሕይወቱን አሳልፎ መስጠት መሆኑን ነው።