የዋርካው ጭረት

ተረት ተረት! የቸኮለም ይቀመጥ፣ ነገሩ አጭር ነው።

አንዲት አህያ ጡቷ በጥም ደርቆ ውርንጭላዋ ሊሞትባት ሆነ። ጦጣ ውሃ ከሚያድልበት ጉድጓድ ሦስት ቀን ተሰልፋ፣ ሦስቱንም ቀን ሳትጠጣ ተመለሰች። ሳይጠጣ ለተመለሰ ሁሉ ግንደ ቆርቁር የተባለው ወፍ ከጉድጓዱ አጠገብ ባለው ዋርካ ላይ አንድ ጭረት ይጭር ነበርና፣ ግንዱ ከላይ እስከ ታች ተዥጎረጎረ።

ፍየል፣ "የኔ ጭረት ከበግ ጭረት ትረዝማለች" ብላ ተኩራራች።

አንበሳም ለጉብኝት መጥቶ፣ "ዋርካችን እንዴት አምሮበታል!" አለ።

አህያዋን አላስችል አላት። "ጌታዬ፣ ጌጥ አይደለም እኮ! ሳይጠጣ የተመለሰው ሁሉ ቁጥር ነው!"

አንበሳ ወደ ጦጣ ዞረና አገሳ። "ከነገ ጀምሮ አንድ አዲስ ጭረት ባይ ወዮልህ!"

በማግስቱ አህያዋ ገና ሳይነጋ ውርንጭላዋን አስከትላ እየገሰገሰች ደረሰች። ጦጣ መንገዱ ላይ ቆሟል።

"ጠጥተሽ ነው የመጣሽ?"

"ኧረ ተጠምቼ!"

"እንግዲያው አትሰለፊም። ሳይጠጣ የሚመለስ እንዳይኖር፣ ጠጥቶ ያልመጣ አይሰለፍም።"

"ጠጥቼ ከመጣሁ ምን ልሠራ እሰለፋለሁ?"

"ልታመሰግኚ ነዋ!"

አህያዋ ውርንጭላዋን በአፍንጫዋ እየገፋች ወደ ሩቁ ወንዝ ሄደች። ዋርካው ላይም ከዚያ ወዲህ አዲስ ጭረት አልታየም።

ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በውሃ አብሱልኝ፤ ከተገኘ።