የተዘጋው የወንዝ አፍ

አንድ ስንሻው የሚባል አሳ አጥማጅ ነበር። መረቡን የሚዘረጋው ወንዙ ከሐይቁ ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ ነው። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲደፈርስ፣ ነጭ አሳ ከሐይቁ ተነስቶ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ላይ ይወጣል። ስንሻውና ታናሽ ወንድሙ አላምረው ይህን ጊዜ ጠብቀው የወንዙን አፍ ከዳር እስከ ዳር በመረብ ይዘጉታል። ያኔ የሚይዙት አሳ በጋውን ሙሉ ከሐይቁ ከሚያወጡት ይበልጥ ነበር።

እያደር ግን መረቡ እየቀለለ መጣ። አንድ ክረምት ጭራሽ ቅጠልና ጭቃ ብቻ ይዞ ወጣ። ስንሻው እረፍት አጣ። ቤት ሲገባ መቀመጥ፣ ወንዝ ሲወርድ መቆም ያቅተው ጀመር። ሚስቱ ያቀረበችለትን ምግብ ቀማምሶ ይነሳል። አንዴ ንፋሱን ይረግማል፣ አንዴ ጎረቤቶቹን ይጠረጥራል። በመጨረሻ ጥፋቱን በላይ አገር ሰዎች ላይ አሳረፈው። አሳ የሚያሰክረውን የብርብራ ፍሬ እየወቀጡ ውሃው ውስጥ በትነው ፈጅተውታል አለ። ሊጣላቸው ዱላውን ይዞ የወንዙን ዳር ተከትሎ ወጣ።

ወንዙ ጠጠር ላይ በሚሳሳበት ቦታ የላይ አገር ሰዎች ተሰብስበው ወደ ውሃው ያያሉ። ስንሻው ሰላምታ እንኳ ሳያቀርብ አሳችንን ምን አደረጋችሁት ብሎ ጮኸባቸው። እማማ ደብሪቱ የሚባሉ ባልቴት ቀስ ብለው መለሱለት።

«አንተ ባትመጣ እኛ ልንወርድ ነበር፣ ልጄ። ድሮ በዚህ ወቅት አሳው እርስ በርሱ እየተጋፋ እዚህ ይደርስ ነበር። ዘንድሮ የመጣችው ያቺ ብቻ ናት። ሌሎቹን እናንተ ዘንድ ምን አስቀራቸው?»

ስንሻው ጎንበስ ብሎ አየ። አንዲት ነጭ አሳ ሆዷ ተነፍቶ ጠጠሩ ላይ ትዞራለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትዞራለች። ቅርፊቷ ተገሽልጧል፤ ጎኗ ላይ የመረብ ዓይን ታትሞበታል። ወንድ አልተከተላትም። እንቁላሏን ብትጥል እንኳ ፍሬ እንደማይሆን ከስንሻው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ዱላውን መሬት ላይ ጥሎ፣ ከማንም ሳይሰናበት ቁልቁል ሮጠ።

ወንዙ አፍ ሲደርስ የመረቡን ገመድ መፍታት ጀመረ። አላምረው እጁን ያዘው። እነሱ ቢተዉት ሌላው መዝጋቱ እንደማይቀር ነገረው።

«ልጆቻችን ምን ሊበሉ ነው?» አለው።

«የሚበሉትን እኮ የጨረስንባቸው እኛ ነን» አለ ስንሻው፤ መፍታቱንም ቀጠለ።

ያ ክረምት ከባድ ሆነባቸው። ስንሻው ቀን የሰው እርሻ እያረመ ቤቱን መገበ። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ሊዘረጋ የመጣውን ሁሉ ይለምናል፤ እምቢ ካለው ይጣላል። አላምረው ለረጅም ጊዜ አኮረፈው። ያቺ አሳ ምን እንደሆነች ያወቀ የለም። ክረምቶች አልፈው ግን ነጭ አሳ እየተከታተለ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። እንደ ድሮው አልበዛም፤ ቢሆንም አልጠፋም።

ሊራባ ሲሄድ መንገድ ላይ የተያዘ አሳ አንድ አሳ ብቻ አይደለም፤ ከእሱ የሚመጣው ዘር ሁሉ አብሮ ተይዟል። በአንድ ወንዝ ብቻ የሚራባ አሳ ደግሞ ካለቀ ከየትም አይመጣም። እኛስ? ጠፋብን ብለን ሌላውን የምንከስበት ነገር፣ መንገዱን የዘጋንበት ራሳችን እንሆን?