የጋሽ ማንደፍሮ ኮዳ

«አንቺ ከኋላችን ነበርሽ፤ ሁሉንም አይተሻል። ያን ቀን ለደረሰልኝ ልጄ ስጪልኝ።»

ጎረቤታችን ጋሽ ማንደፍሮ ሊያርፉ ሲሉ፣ ከጦር ሜዳ ይዘውት የተመለሱትን የውሃ ኮዳ የሰጡኝ በዚህ ቃል ነው። የትኛው ልጃቸው እንደሆነ አልነገሩኝም።

በአንድ ወቅት፣ እኔ ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት በዋልኩበት ዓመት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቱ በካርቶን የተደፈነ፣ አግዳሚው የሚወዛወዝ፣ ሸንኮራ እየመጠጥን የምንሳሳቅበት። ያ ሳቅ ዛሬም ይናፍቀኛል። ፊልሙን የሚተረጉምልን የጋሽ ማንደፍሮ ሁለተኛ ልጅ ይልቃል ነበር፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ የሙሽራዋንም የሌባውንም ድምፅ ያወጣል።

አንድ እሁድ ልጆቻቸው «የሕንድ ፊልም ነው» ብለው ጋሽ ማንደፍሮን ይዘዋቸው መጡ። ካሴቱ ተሳስቶ ኖሮ የጦርነት ፊልም ሆነ፤ ጠመንጃው ከቁመታቸው የሚበልጥ ልጆች ይዋጋሉ። ጋሽ ማንደፍሮ ደግሞ በአሥራ አራት ዓመታቸው ከገበያ ታፍሰው የዘመቱ ሰው ናቸው። ስለዚያ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። የያዙት ከዘራ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ይልቃል አየ። አዛዡ ልጁን «ተኩስ!» ብሎ ሲጮህበት፣ እሱ «ወደ እናትህ ሂድ፣ ምሳ ቀርቧል ይለዋል» ብሎ ተረጎመው።

«አንተ ውሸታም! እየተኮሰ አይደል እንዴ?» አለ አንዱ ተመልካች።

«ርችት ነው ባክህ!»

ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ማንደፍሮም ፈገግ አሉ፤ ከዘራው ረጋ። ዓይናቸው ግን ከፊልሙ አልተነቀለም።

በፊልሙ ያለው ልጅ ጓደኛው ላይ ሲያነጣጥር፣ የበኩር ልጃቸው ሽመክት ብድግ ብሎ ሶኬቱን ነቀለ።

«ምን ሆንኩ ነው የምትለው አንተ?» የሸንኮራ ልጣጭ ዘነበበት።

«አባቴ ይህን አያይም!»

ጋሽ ማንደፍሮ በረጅሙ ተነፈሱ። ሰው ሁሉ ግን ዞሮ አያቸው።

ያኔ የመጨረሻ ልጃቸው ብርዛፍ ጠጋ አለች። «አባዬ፣ አብሮህ የነበረው ልጅ ስሙ ማን ነበር?»

«ዘገየ» አሉ። «ቆስሎ ነበር። ጥዬው ሮጥኩ።»

ያን ስም ሚስታቸው እንኳ ሰምተውት አያውቁም። ሰው ፊት አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ወር ሙሉ እንቅልፍ አጡ፤ ስሙን መጥራት ግን አልተዉም።

አሁን ከሦስቱም ጋ ስንገናኝ ወሬው ወደዚያ ቀን ይመለሳል። ይልቃል «እኔ ባልዋሽ አባዬ ገና ድሮ በፍርሃት ያልቅ ነበር» ይላል። ሽመክት «ባልነቅለው ያ ጥይት እሱን ነበር የሚመታው» ይላል። ብርዛፍ «እኔ የጠየቅኩት ስም ብቻ ነው» ትልና ኮዳውን ታያለች።

ዛሬ ልጄን አስተኝቼ ኮዳውን አጠብኩት፤ ለተበጠሰው ማንገቻው አዲስ ጠፍር ቀጠልኩለት። ትርፉን ልቆርጥ ቢላዋ አንስቼ ቆምኩ።

እናንተ ብትሆኑ በማን ትከሻ ልክ ትቆርጡት ነበር?