አልንበረከክ ያለችው ግመል

እኔ ላውጋችሁ፣ እናንተ አድምጡኝ።

በቆላ አገር ሉባባ የምትባል መበለት ነበረች። ያለቻት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ስሟ ዘምዘም። ዘምዘም የሁለት ቀን መንገድ ርቃ፣ ከሜዳው ማዶ ካገባች ሦስት ዓመት ሆናት። በዚህ ሁሉ ጊዜ እናቷ አላየቻትም። ሉባባ ዛሬም ወጥ ስትሠራ ለሁለት ሰው ትሠራና፣ ድስቱን ካወረደች በኋላ ትዝ ይላታል።

አንድ ቀን የጨው ነጋዴዎች መልእክት አመጡላት። «ልወልድ ጥቂት ቀን ቀርቶኛል፤ እናቴ ትምጣልኝ» ብላለች ዘምዘም።

እግሯ ደህና ቢሆን ሉባባ በዚያው ቀን በሄደች። ግን የጉልበቷ ለስላሳ አጥንት በእርጅና አልቆ፣ አጥንት ካጥንት እየተፋጨ፣ ከጓሮ እስከ ደጅ መራመድ እንኳ ይከብዳታል። ስለዚህ ግመል ነጂውን እንድሪስን ለመነችው። እሱም ከሌሎች ግመል ነጂዎች ጋር ጭነት ይዞ ወደዚያው ሊወርድ ነበርና «እማ ሉባባ፣ ግመሌ ታደርስዎታለች» አላት።

በማለዳ ተነሱ። እንድሪስ ገመዱን ሳብ አድርጎ ግመሏን «ተንበርከኪ» አላት። ግመሏ አልንበረከክ አለች። እሷ ካልተንበረከከች ሉባባ አትወጣም፤ ካልወጣች ልጇን አታይም።

«አንቺ ግመል፣ ምነው አልንበረከክ አልሽ?» አለች ሉባባ።

«ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ» አለች ግመሏ።

ሉባባ በምርኩዟ ተደግፋ ወደ ጉልበቱ ዝቅ አለች። «አንተ ጉልበት፣ እንደ በር ወዳንድ ወገን የምትዘጋ የምትከፈት፣ ምነው አልታጠፍ አልክ?»

«ትከሻው አልዞር አለኝ» አለ ጉልበት።

ትከሻው አልዞር አለ፣ ጉልበቱ አልታጠፍ አለ፣ ግመሏ አልንበረከክ አለች፣ ሉባባም ልጇን አላየች።

«አንተ ትከሻ፣ ክቡ አጥንትህ በጎድጓዳው አጥንት ውስጥ ያለ፣ እንደ ዘነዘና በሙቀጫ ወደ ሁሉም ወገን የምትዞር፣ ምነው አልዞር አልክ?»

«አከርካሪው አልላላ አለኝ» አለ ትከሻ።

አከርካሪው አልላላ አለ፣ ትከሻው አልዞር አለ፣ ጉልበቱ አልታጠፍ አለ፣ ግመሏ አልንበረከክ አለች፣ ሉባባም ልጇን አላየች።

ይህን ጊዜ የሌሎቹ ግመሎች አቧራ ከሜዳው ላይ ርቆ ነበር። እንድሪስ አቀርቅሮ «እማ፣ በሚመጣው ጉዞ ብንሄድስ?» አለ።

«መቼ ነው?»

«ከወር በኋላ።»

ሉባባ እጇን በግመሏ ጀርባ ላይ አሳረፈች። «አንተ አከርካሪ፣ አንጓህ ብዙ፣ በየአንጓው መሃል ትራስ የተነጠፈልህ፣ ሁሉም ጥቂት ጥቂት እየተነቃነቀ የምትተጣጠፍ፣ ምነው አልላላ አልክ?»

«አንገቱ አልመለስ አለኝ» አለ አከርካሪ።

«አንተ አንገትስ? የላይኛው አንጓህ ቀለበት፣ የታችኛው እንደ ጣት የቆመ፣ ቀለበት በጣት ላይ እንደሚዞር የምትዞር፣ ምነው ወደ ፊት አልመለስ አልክ?»

«ዓይኗ ከኋላ አልነቀል አለኝ» አለ አንገት።

ዓይኗ አልነቀል አለ፣ አንገቱ አልመለስ አለ፣ አከርካሪው አልላላ አለ፣ ትከሻው አልዞር አለ፣ ጉልበቱ አልታጠፍ አለ፣ ግመሏ አልንበረከክ አለች፣ ሉባባም ልጇን አላየች።

ሉባባ የግመሏን ዓይን ቀና ብላ አየችው። እርጥብ ነው። «አንተ ዓይን፣ ምን ቀረብህ?» አለችው ቀስ ብላ።

«ልጇ ቀረ» አለ ዓይን።

ሉባባ ወደ እንድሪስ ዞረች። «ይህች ግመል ወልዳለች እንዴ?»

«ሁለት ወሯ ነው። ግልገሉ መንገድ እንዳያዘገየን ብዬ ከአጥሩ ጀርባ አሰርኩት።»

«ፍታው።»

«እማ፣ እግሩ ገና አልጠናም። በየመንገዱ ሲደክመው መቆማችን ነው። አንቱ ደግሞ ቸኩለዋል።»

«ቸኩያለሁ» አለች ሉባባ። «ግን እሷን ካንዱ ልጇ ነጥዬ፣ እኔ ከልጄ ልደርስ አልችልም። ፍታው፣ ልጄ።»

እንድሪስ ሄዶ ፈታው። ግልገሉ በቀጫጭን እግሮቹ እየተንገዳገደ መጥቶ ከእናቱ ጡት ተጣበቀ። ግልገሉ መጣ፣ ዓይኗ አየው፣ አንገቱ ተመለሰ፣ አከርካሪው ላላ፣ ትከሻው ዞረ፣ ጉልበቱ ታጠፈ፣ ግመሏ ተንበረከከች፣ ሉባባም ወጣች።

እንድሪስ እንዳለው ግልገሉ በየጥላው እየተኛ የሁለቱን ቀን መንገድ አራት አደረገው። በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ደረሱ። ዘምዘም ከሁለት ቀን በፊት ወልዳ፣ ከቤቷ በር ላይ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ዘገየሽብኝ፣ እናቴ» አለች።

«ዘገየሁ፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ ተቃቅፈው ቆዩ። ዘምዘም እንባዋን ጠርጋ «ስም አላወጣንላትም፤ አንቺን ስንጠብቅ ነው» አለቻት።

ሉባባ ሕፃኗን ተቀበለች። ብዙ ስም ታውቅ ነበር፤ ያን ሰዓት ግን አንዱም ቶሎ አልመጣላትም። እንደታቀፈቻት ስታያት ዋለች።

ወጌ እዚህ ደረሰ፤ የናፈቀውንም ሁሉ ያድርሰው።